ተጠርጎ የወጣው ድምፅ

ሞተር የሚሉት ሰውዬ ግንባሩን ፍሪጁ ላይ ለጥፎ ቆሟል። ጠዋት ጠዋት ፊቱን ከታጠበ በኋላ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጆቹን በፍሪጁ ግራና ቀኝ አሳርፎ እንዲህ ይቆማል። ላላወቀው ሰው የሚጸልይ ነው የሚመስለው። ትንሽ ቆይቶ ቀና ይልና «ይሰራል» ይላል፤ ታላቅ እህቱ እታለምም ሻዩን ትቀዳለች፤ ቀኑ የሚጀመረው በዚህ ነው። የዚያን ዕለት ግን ገና ግንባሩን እንደለጠፈ፣ ጀርባው ወደ መስኮቱ እንደዞረ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ሬዲዮ የወጣውን ነገር እሷ ብቻ ሰማችው። አንድ ድምፀ ለስላሳ ሰውዬ ነው የሚናገረው። «ፊልሙ እጃችን ሲገባ በጣም ተጎድቶ ነበር» ይላል። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሥር የሚያጉረመርም ብልሽት አለበት። አሮጌ ፍሪጅ አጠገብ ቁጭ ብለሽ የምታዪ ነው የሚመስልሽ!» ጋዜጠኛዋ ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀ። «ስንት ወር ደክመንበት፣ እግዜር ይመስገን፣ ጠርገን አወጣነው። ዛሬ ከሰዓት አዳራሽ የሚመጣ ሰው እንደ መስታወት የጠራ ፊልም ነው የሚያየው።»

እታለም ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። ሞተር ቀና አለ፤ «ይሰራል» አለ፤ ዞር ሲል የእህቱን ፊት አየና አገጩን ወደ ሬዲዮው ቀሰረ። «ምን ይላል ሰውዬው?» አለ። እሷም ጮክ ብላ፣ «ስላንተ ነው። ያመሰግንሃል» አለችው። ሞተር ጥርስ በጥርስ ሆነ። «ጭራሽ በሬዲዮ!» አለ። «ቀስ ብለህ ተናገር፣ ሰው ይሰማል» አለችው፣ እንደ ልማዷ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትለው የኖረችው ይሄንኑ ነው።

ልጆቼ፣ የዚያ ሰውዬ ሳቅ ለምን እንዳንገበገባት እንዲገባችሁ ስለ ፍሪጁ ትንሽ ልንገራችሁ። ሞተር ስሙ አይደለም፣ ሰፈሩ ያወጣለት ነው። ሥራው ፍሪጅ መጠገን ነበር። ሌላው ጠጋኝ ፍሪጅ ጮኸ ሲሉት መጥቶ ዝም ያሰኘዋል፤ እሱ ግን መቅረጫ ይዞ ይሄዳል። ማይክራፎኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ከሞተሩ ሥር ይሰነቅርና ይቀዳዋል፤ የቀዳውን ያዘገየዋል፣ በላዩ ሌላ ይደርብበታል፤ ከዚያ አንድ የመኪና ማቆሚያ ምድር ቤት ውስጥ፣ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው ለተቀመጡ ጥቂት ሰዎች ያሰማል። እሱ ሙዚቃ ነው ይላል። ዘመድ አዝማዱ ልክፍት ነው አለ። አንድ ፊልም ሠሪ ግን ከሣጥኖቹ ባንዱ ላይ ተቀምጦ ሰማና ልቡ ተሰረቀ። «ያልተከራየው ክፍል» የሚለውን ፊልሙን የሠራው ያን ድምፅ ይዞ ነው። ታሪኩ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ማንም የማይከራየው ክፍል አለ፤ ከክፍሉ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ይወጣል። ነዋሪው ይለምደዋል፤ የሚያየውም ሰው እየቆየ ይለምደውና መስማቱን ይረሳዋል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ፣ በክፍሉ በር ሥር ያለው ብርሃን ሲጠፋ፣ ድምፁ ድንገት ቀጥ ይላል። በቃ፣ ይሄው ነው። ደም የለ፣ ጭራቅ የለ። ግን ያን ጊዜ ሰው ፀጉሩ ይቆማል ይባላል።

ያኔ ፊልሙ ሲወጣ የቀናው አልነበረም። ሰው «ማሽናችሁ ተበላሽቷል» እያለ ከሲኒማ ቤቱ እየተነሣ ወጣ፣ ትኬቱን መለሰ፣ ፊልሙም ከመሰቀሉ ወረደ። እንግዲህ ሥራ ዕድሉን የት እንደሚያገኝ አይታወቅም፤ የተቀዳውን እየቀዱ፣ ከጓደኛ ለጓደኛ እያቀባበሉ፣ ያኔ ያልተወለዱ ልጆች አበዱለት። አሁን አንድ ድርጅት፣ የድሮ ፊልም እያደሰ፣ በሚያምር ሣጥን አድርጎ በዲስክ የሚያወጣ ድርጅት፣ አወጣው። ፊልም ሠሪው ሞቷል፣ ውሉን የፈረሙት ልጆቹ ናቸው። ለሞተር የመጣለት የክብር እንግዳ ጥሪ ነው። ደግሞ በፊልሙ ውስጥ የሚያጉረመርመው ሌላ እንዳይመስላችሁ፤ ያው የእነሱ ፍሪጅ ነው፣ በሩ አልገጥም ብሎ በመጋረጃ ገመድ የታሰረው፣ እታለም ስንቴ «ይሄን ሬሳ አውጣልኝ» ያለችው። የተቀዳ ዕለት እሷ መጋረጃ መስፊያ መኪናዋን ሳትነካ፣ በካልሲ እየተራመደች፣ ማስነጠሷ ሲመጣ አፍንጫዋን ትራስ ውስጥ ቀብራ ነው የዋለችው። ፊልሙን አይታው አታውቅም። ያን ዝምታ ግን ታውቀዋለች።

ሌላም ነገር አለ። የሞተር ጆሮ እየደከመ ነው። የበሩ ደወል ከጠፋው ቆይቷል፣ ወፍ የለም፣ ሹክሹክታ የለም፤ ለእሱ መናገር ማለት መጮህ ሆኗል። ሐኪሙ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ቀድሞ እንደሚሄድ፣ ወፍራሙ መጨረሻ እንደሚቀር ነግሮታል፤ ሞተር ደግሞ ይሄን እንደ ምሥራች ነው የያዘው። «የኔው ነው መጨረሻ የሚቀረው!» እያለ ለጎረቤት ሁሉ አውርቷል። ታዲያ በዋዜማው ማታ እታለም ለዝግጅቱ የሚለብሰውን ሸሚዝ ስትተኩስ በሩ ላይ ተደግፎ አንድ ነገር ነገራት። ፍሪጁን በግንባሬ ይሁን በጆሮዬ የምሰማው እርግጠኛ አይደለሁም አላት። አዳራሹ ውስጥ፣ ከትልቁ ድምፅ ማጉያ ከሰማሁት ጆሮ አለኝ ማለት ነው፤ ምድር ቤት ለሚሰበሰቡት ልጆች የጀመርኩትን አዲሱን ሥራ እጨርሳለሁ። ካልሰማሁት ግን መቅረጫውንም ሁሉንም ለልጆቹ ሰጥቼ ቁጭ እላለሁ፤ የማይሰማ ሰው ሙዚቃ ሠራሁ ሲል መሣቂያ ነው አለ። እሷም ካውያውን እያነሣች «ትሰማዋለህ፣ ምን ቆርጦህ» አለችው። እሱም አመናት።

እና አሁን ጠርገን አወጣነው እያሉ ይስቃሉ። ሻዩን ከጠጡ በኋላ እታለም «ክር አልቆብኛል፣ ደርሼ ልምጣ» ብላ ነጠላ ጫማዋን ቀይራ ወጣች። ክር የሞላው መሳቢያዋ ክፍት ነበር፤ ሞተር አይቶት ገፋ አድርጎ ዘጋው።

የድርጅቱ ቢሮ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ነው። ደረጃው ላይ ወጣቶች ተሰልፈዋል፤ ሣጥኑን ከፊልሙ በፊት ለመግዛት የመጡ ናቸው። ግድግዳው ላይ የፊልሙ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ጥቁር በር፣ በበሩ ሥር ቀጭን ብርሃን። እታለም የሣጥኑን ዋጋ አነበበችና ዓይኗን አሸት አደረገች። እሷ ለአንድ መኝታ ቤት መጋረጃ፣ ገበሩን ጨምራ፣ የምታስከፍለው ነው። ሰልፍ ውስጥ ያለች ቀይ ኮፍያ ያደረገች ልጅ አይታት ሳቀች። «እማማ፣ ተሳስተው ነው እንዴ? ጫማው ታች ነው» አለቻት። «አልተሳሳትኩም። የሞተር እህት ነኝ» ስትላት ልጅቱ ኮፍያዋን አወለቀች። እውነቴን ነው፣ ኮፍያዋን አውልቃ ደረቷ ላይ ያዘችው፤ ሰልፉም ግድግዳውን ተጠግቶ መንገድ ለቀቀ። የወንድሟ ስም በሰው ፊት እንዲህ ያለ ክብር እንደሚያሰጥ እታለም በሕልሟም አልነበረም።

ልጅቱ እስከ ላይ ድረስ እያወራች ሸኘቻት። ምድር ቤት ውስጥ ፊልሙን ሲያዩ ልማድ አላቸው አለች። ጉርምርምታው ሲጀምር ሁሉም አፋቸውን ገጥመው፣ ከድምፁ ጋር እምምም እያሉ ይቀጥላሉ፤ ድምፁ ቀጥ ሲል አብረው ቀጥ ይላሉ። አንድ ትንፋሽ ያሳለፈ ሰው ለሁሉም ሻይ ይጋብዛል። «እኔ ስንቴ ከሰርኩ መሰለዎት!» አለች። «ዛሬ በትልቁ ማጉያ ልንሰማው ነው እኮ እማማ። የኛ ቅጂ ያረጀ ነው፣ ግማሹ የሚሰማው በግምት ነው።» እታለም የልጅቱን ክንድ ጨበጥ አደረገችና ገባች። ምን ትበላት?

ሥራ አስኪያጁ የሬዲዮው ድምፀ ለስላሳ ራሱ ነው። በጣም ጨዋ ሰው። ከወንበሩ ተነሣ፣ ውኃ አቀረበ፣ «እትዬ፣ ምነው በደህና?» አለ። አጠገቡ ጢሙን ያሳደገ፣ ትልቅ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጧል፤ ድምፁን ያጸዳው እሱ ነው። እታለም ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። «ያ የሚያጉረመርመው ብልሽት አይደለም፣ ልጄ። የወንድሜ ሙዚቃ ነው። የጠረጋችሁት እሱን ነው» አለች። ጢማሙ ሰውዬ ቀስ ብሎ ዞረ። የቆየ ፊልም ሁሉ ከኤሌክትሪክ የሚመጣ እንደዚህ ያለ ድምፅ እንደሚኖረው፣ ሲያገኙት እንዲያነሡት እንደተማሩ፣ ስክሪኑ ላይም እንደ ጭቃ መስመር ከሥር ተጋድሞ እንዳየው ተናገረ። «አንድ ቦታ ላይ ግን ይቋረጣል» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ገርሞኝ ነበር። ብልሽት ራሱን በራሱ አያቆምም ብዬ ነበር» ብሎ ሥራ አስኪያጁን ቀና ብሎ አየው። ሥራ አስኪያጁ አላየውም።

እታለም እንግዲህ አለቀ ብላ አሰበች። ስህተት ነው፣ ሰው ይሳሳታል፤ ይቅርታ ይሉና ይመልሱታል። «አሁን ታዲያ መልሱት» አለች። ሥራ አስኪያጁ እጁን ጠረጴዛው ላይ አጣጠፈ። ሣጥኑ ታትሟል አለ፤ ተሽጧል፤ አዳራሹ የሚያሳየውም ይሄንኑ ነው። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት አለ፣ ሙዚቃ መሆኑን ቀድሜ ባውቅም አላስቀረውም ነበር። ደንበኛ ያንን ድምፅ ሲሰማ ዲስኩ ብልሽት አለበት ብሎ ይመልሳል፤ ድሮም ያ ፊልም የከሰረው በሱ ነው። እኛ ባለውለታዎቹ ነን እንጂ አጥፊዎቹ አይደለንም። የወንድምዎን ስም እኮ አልነካንም፤ ሙዚቃ ብሎ መጀመሪያው ላይ በትልቁ አለ። «ስሙን አስቀምጣችሁ ሥራውን ጣላችሁት?» አለች እታለም። «አየህ ልጄ፣ ወንድሜ ጆሮው ሊሄድበት ነው። ዛሬ አዳራሽ ገብቶ ስሙን አንብቦ ምንም ካልሰማ አለቀልኝ ነው የሚለው። ቢያንስ ለዛሬ ሳይጠረግ፣ እንደመጣ ያለውን አሳዩት። አላችሁ አይደል?» ጢማሙ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቀደመውና፣ በዚያው በለስላሳ ድምፁ፣ በሚያጽናና ሰው ፊት፣ «እትዬ፣ እሳቸው ጆሯቸው የማይሰማ ከሆነ ታዲያ ልዩነቱን በምን ያውቁታል?» አለ።

 ሰው ይሰድብሃል፣ ይገፈትርሃል፤ እሺ፣ ሰው ነው። ግን ውኃ አቅርቦልህ፣ እትዬ ብሎ፣ ከወንድምህ ላይ የወሰደውን ነገር ወንድምህ ጆሮው ስለማይሰማው ምን ይጎዳዋል የሚልህን ምን ትለዋለህ? እታለምም ያን ጊዜ ተነሣች። ውኃውን እንደሞላ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ሥራ አስኪያጁ እስከ በሩ ሸኛትና ከክምሩ አንድ ሣጥን አንሥቶ «ለወንድምዎ፣ ከኛ ስጦታ» ብሎ እጇ ላይ አደረገላት፤ እሷም የምትሠራውን ሳታውቅ ተቀበለችው። ደረጃውን ስትወርድ ቀይ ኮፍያዋ ልጅ «ከሰዓት እንገናኝ እማማ!» ብላ እጇን አውለበለበችላት።

ቤት ስትደርስ ሞተር ለብሶ ጨርሷል። የተተኮሰውን ሸሚዝ እስከ አንገቱ ቆልፏል፣ ጥፍሩን ቆርጧል፣ ጫማውን በወጥ ቤት ጨርቅ ወልውሏል፤ ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ትገድለው ነበር። ሣጥኑን ስትሰጠው በሁለት እጁ ተቀብሎ ገልበጥ አድርጎ አየው፤ ሳይከፍተው ፍሪጁ አናት ላይ፣ መሐል ለመሐል አስቀመጠው። ዳቦና እንቁላል አቀረበች። ገበታው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው በሉ። አሁን ልንገረው አለች በልቧ። ግን ለሞተር ነገር መንገር መጮህ ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ሊሰማው ነው። ደግሞስ ምን ብላ? ብትነግረው ሥራህን ጥለውታል ማለት ነው፤ ባትነግረው ጆሮህ ሄዷል ማለት ነው። በየትኛው ቢላ ቢወጋ ይሻለዋል? «ሞተር…» አለች። «እ?» አለና ጆሮውን አቀረበ። እንቁላል አገጩ ላይ ነበር። «ሸሚዙ አምሮብሃል» አለችው። «ፍሪጁን የሰማ፣ ስሜንም ያየ ሰው ሲደነቅ ነው የሚውለው ዛሬ» አለ እሱም፣ በዚያ ራሱን በማይሰማው ትልቅ ድምፁ። «ቀስ በል» አለችው፣ ሰው ይሰማል የሚለው ግን አልወጣላትም። ሊወጡ ሲሉ ሣጥኑን ከፍሪጁ አናት አንሥቶ ብብቱ ሥር አደረገው። ልጆቹ እንዲፈርምላቸው ቢሉትስ?

አዳራሹ ሞልቷል። የእንጨት ጀርባ ያላቸው የቆዩ ወንበሮች፣ የደበዘዘ ምንጣፍ፣ ጎንና ጎን ቁመታቸው ሰው የሚያክል ድምፅ ማጉያዎች። መጋረጃው በጣም ክፉ ተሰፍቷል፤ እታለም በዚያ ጭንቀቷ ውስጥ እንኳ ስፌቱን ሳታይ አላለፈችም። የክብር እንግዳ ብለው ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጧቸው። ሥራ አስኪያጁ ወጥቶ ተናገረ፣ ሞተርን ከመቀመጫው አስነሥቶ አስጨበጨበለት፤ ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ፣ ከኋላ ያሉት ያፏጫሉ። ሞተር ጎንበስ ጎንበስ አለ። ብብቱ ሥር ያለው ሣጥን ሊወድቅ ሲል እታለም ያዘችለት። ከዚያ መብራቱ ጠፋ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ በነጭ ፊደል «ሙዚቃ፦ ሞተር» የሚል ጽሑፍ መጣ፣ እሱም ጎኗን በክርኑ ጎሸም አደረጋት። ጽሑፉ ጠፋ። ረጅሙ ኮሪደር መጣ፣ በሩ መጣ፣ በበሩ ሥር ያለው ብርሃን መጣ።

ምንም የለም። ንጹሕ፣ እንደ መስታወት። ሞተር መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ራሱን ወደ ቀኝ ማጉያ አዞረ፤ ቆይቶ ወደ ግራው። ትንሿን ጣቱን ጆሮው ውስጥ አስገብቶ አዟዟራት፣ አወጣት፣ ደግሞ አዳመጠ። ጎኑ የተቀመጠውን ሰው ፊት አየ፤ ሰውዬው ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሏል፤ የሚሰማ ሰው ይመስላል። ሁሉም የሚሰሙ ይመስላሉ። እታለም በስክሪኑ ብርሃን የወንድሟን ፊት ስታየው ሽማግሌ ሆኖባት ነበር፤ ከቤት አብሯት የወጣው ሰውዬ አልነበረም። ቀስ ብሎ ወደ እሷ ጠጋ አለ። በሹክሹክታ የተናገረ መስሎታል፤ ግማሽ አዳራሽ ሰማው። «እታለም፣ ጀምሯል እንዴ?» አላት። እሷ ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች። «ጆሮዬ ሄዷል በቃ» አለ። «ተነሽ፣ ቤት እንሂድ።»

ልጆቼ፣ ያን ጊዜ ምን እንደሆነ እሷም በቅጡ አታስታውሰውም። ጆሮው ሥር ተጠግታ «አይደለም» አለችው፤ አልሰማትም። ከፍ አድርጋ «ጆሮህ አይደለም» አለችው፤ «እ?» አለ። ዕድሜዋን ሙሉ ቀስ በል ስትል የኖረች ሴትዮ፣ በዚያ ጭጭ ባለ አዳራሽ መሐል ብድግ አለችና በሙሉ አንገቷ ጮኸች።

«ጆሮህ አይደለም! ጆሮህ ደህና ነው! ሙዚቃህን ጠርገው አውጥተውታል! ሰዎቹ ናቸው ያጠፉት፣ ሞተር! ብልሽት ነው ብለው ነው! ማንም ሰው አይሰማውም፣ የለም!»

ፊልሙ ሥራውን ቀጥሏል፤ ኮሪደሩ፣ በሩ። አንድ ሰው «እሽ!» አለ፤ ሌላው እሽ ያለውን «አንተ እሽ!» አለው። ከዚያ ከኋላ የአንዲት ልጅ ድምፅ መጣ፤ እታለም ቀይ ኮፍያዋ መሆኗን ዞራ ሳታይ አወቀች። «እኔም የምለው እሱን ነው! ድምፁ የታል?» አለች። «እኔ የመቀመጫዬ ችግር መስሎኝ!» አለ ሌላ። ጉርምርምታ በየረድፉ ተነሣ፣ ግን የሰው ወሬ ጉርምርምታ። ሞተር እንደደነዘዘ የእህቱን እጅ ይዞ «የለም? ማንም አይሰማውም?» ይላል፤ እሷም «ማንም!» ትለዋለች። ቀይ ኮፍያዋ ያን ጊዜ ነው የጀመረችው። አፏን ገጥማ፣ ከደረቷ፣ እምምም። ጎኗ ያሉት ተቀበሏት። ቀጥሎ ያለው ረድፍ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው። ምድር ቤት ያልገባው ሰው ሁሉ ሳይቀር፣ ዜማ የለው ቃል የለው፣ ዝም ብሎ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ አዳራሹ ራሱ የሚተነፍስ እስኪመስል። ሞተር ጆሮውን አላቀናም። ወደፊት ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ከፊቱ ባለው ወንበር የእንጨት ጀርባ ላይ ለጠፈ፣ እጆቹን ግራና ቀኝ አሳርፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። እታለም ቆማ ታየዋለች። ትንሽ ቆይቶ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አልሰማችውም፤ ግን ምን እንዳለ ታውቀዋለች፣ ጠዋት ጠዋት ስትሰማው የኖረችው ቃል ነው። እሷም ተቀምጣ አፏን ገጥማ ገባችበት።

ስክሪኑ ላይ በበሩ ሥር ያለው ብርሃን ሲጠፋ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀጥ አሉ። እንዲያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም ይላሉ የነበሩት። ሁሉም ማለቴ፣ እታለም ስትቀር። ፊልሙን አይታው አታውቅማ፤ ብቻዋን እምምም እንዳለች አንድ ሙሉ ትንፋሽ አለፋት። መጀመሪያ ሞተር ነው ከወንበሩ ቀና ብሎ የሳቀው፤ ከዚያ ከኋላ «ሻይ በእማማ!» የሚል ጩኸት መጣ፣ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጮክ ብላ የሳቀች መሆኗን ያወቀችው እንባዋን ስትጠርግ ነው።

መብራት ሲበራ ሥራ አስኪያጁ ማይክራፎን ይዞ ቆሟል። ላብ ፊቱ ላይ አለ፣ ፈገግታውም አለ። ውድ ተመልካቾቻችን ስላሳያችሁት ልዩ ተሳትፎ እናመሰግናለን አለ። ይሄንን የናንተን ድምፅ ቀድተን በሚቀጥለው ልዩ እትማችን ላይ ልንጨምረው አስበናል አለ። ሞተር ወደ እህቱ ዞረ። «ምን ይላል ሰውዬው?» አላት፣ ልክ እንደ ጠዋቱ። እታለም ጠዋት ስላንተ ነው፣ ያመሰግንሃል እንዳለችው ትዝ አላት። አሁን ግን ቃል በቃል፣ ምንም ሳትቀንስ፣ ሁሉም እየሰማ ነገረችው። «ይሄንንም ቀድቶ ሊሸጠው ነው!»

መውጫው ላይ ሣጥኑ የሚሸጥበት ጠረጴዛ አለ። ሰልፍ ተሠርቷል። ሞተር የሚገዙ መስሎት ነበር፤ ሲጠጉ ነው የገባው። ቀይ ኮፍያዋ ከፊት ቆማለች፤ ሣጥኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በትሕትና፣ እንደማንኛውም ደንበኛ፣ «ይሄ ዲስክ ብልሽት አለበት። ድምፅ የለውም» ትላለች። ቀጥሎ ያለውም አስቀመጠ፤ «የኔም ብልሽት አለበት» አለ። ጢማሙ ሰውዬ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆሟል፤ እየተቀበለ ይከምራል፣ አንዱንም አልተከራከረ። ሥራ አስኪያጁ እየተሯሯጠ መጣ፣ ክምሩን አየ፣ ሞተርን አየ። እጁን ዘረጋለት። «አባባ፣ ማለት… አለመግባባት ነው። እንነጋገርበታለን» አለ። ሞተር የሰውዬውን አፍ ሲንቀሳቀስ አይቶ፣ የተዘረጋውን እጅ አይቶ፣ ብብቱ ሥር ያለውን ያልተከፈተ ሣጥን አውጥቶ በክምሩ አናት ላይ መሐል ለመሐል አስቀመጠ። ከዚያ ተናገረ። የማይሰማ ሰው የራሱን ድምፅ መጠን አያውቀውምና ደረጃው ላይ ያሉት ሁሉ፣ መንገድ ላይ የሚያልፉትም ጭምር ሰሙት።

«ሰው ፍሪጁ ሲጮህ ነው ተበላሸ ብሎ እኔን የሚጠራኝ» አለው። «ስንቱን ቤት ገብቼ ነግሬያለሁ መሰለህ። የሚጮኸውስ እየሠራ ነው። ዝም ያለው ዕለት ነው ውስጡ ያለው ሁሉ የሚበሰብሰው።»

መንገደኛው ቆሞ አያቸው። እታለም የወንድሟን የሸሚዝ አንገት አስተካከለችለት፣ ክንዱን ያዘች፣ ደረጃውን አብራው ወረደች። ስለ አዲሱ ሥራው በዚያው ትልቅ ድምፁ እያወራት ሄዱ፣ ሰው ሁሉ እየዞረ ያያቸዋል፤ እሷም ቀስ በል አላለችውም።